በሙቁ ክፍል «አቤት» ያለኝ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የማወራው ግን በቁሜ፣ በጠራራ ፀሐይ የደረሰብኝን ነው... እንዲሁ ቅዠት ነው የሚለኝን ሰው ደሞ አልወድም!

ናዝሬት። ኅዳር 1970። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ያኔ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። ከስምጥ ሸለቆ ጫካዎች የአውሬ እዳሪ ይመጣልናል። የከርከሮ፣ የዝንጀሮ፣ የጅብ። ከውስጡ ባክቴሪያ እያሳደግን፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ ይሄ አዲስ ነው እያልን በየዘሩ እንለያለን። ሰፈርተኛው «የአር ሐኪሞች» ይለን ነበር። ይበለን!

ታናሽ ወንድሜ ብዙነህም እዚያው ተቀጥሮ ነበር። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚለማመደው ከገዛ ጥርሱ ፍቆ በማሳደግ ነው። የእሱ ጉድ ሆነ። ብርቱካናማ ነገር በቀለ፤ የማሳደጊያ ሳህኑን ክዳን ከፈት ስታደርጉት የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። መጽሐፉን ብናገላብጥ የለም። የሁላችንንም ጥርስ ብንፍቅ የለም።

«ስም አውጡለታ!» አለ በዚያ ፍንጭት ጥርሱ እየሳቀ። «ብዙነህ በሉት። መብዛት እንደሆነ ይችልበታል!»

ሳቅን። ስም ሳናወጣለት ደረቀና ተጣለ።

ከዚያ በጥቅምት... ታጣቂዎች ብዙነህን ከቤት ወሰዱት። የት እንዳደረሱት የሚነግረን ጠፋ። እናቴ በየቀኑ ዳቦውን በሳህን ከድና ጓዳ ታስቀምጥለታለች። «አለ ወይስ የለም? ይህን ብቻ ንገረኝ አምላኬ» ነበር ጸሎቷ።

የእኔም።

ያን ቀን አሰሳ ነበር። ከተማው ቤት ለቤት ይፈተሻል። ታጣቂዎቹ እኔንና ናሙና ሰብሳቢያችንን ጋሽ ደገፋን ሙቁ ክፍል ውስጥ አገኙን። ባክቴሪያ የምናሳድግበት፣ መስኮት የሌለው፣ ጓዳ የምታህል ክፍል ናት።

«ፍተሻው እስኪያልቅ ንቅንቅ እንዳትሉ!»

ከውጭ ቆለፉብን።

ወዲያው መብራት ጠፋ።

ጋሽ ደገፋ የእጅ ባትሪያቸውን አበሩ። «አይዞሽ የሺ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ማሞቂያው ከጠፋ ክፍሉ መቀዝቀዝ አለበት፣ አይደል? አልቀዘቀዘም። ቴርሞሜትሩን አየሁት... ሠላሳ ሰባት። ቆይቼ ደግሜ አየሁት... ሠላሳ ሰባት። የሰው ገላ ሙቀት ነው።

ከዚያ ሸተተኝ።

የብርቱካን ልጣጭ።

«ጋሽ ደገፋ... ብርቱካን ይዘዋል እንዴ?»

«ኧረ የለኝም።»

ባትሪውን ተቀብዬ መደርደሪያውን አበራሁበት። በዚያ ሰሞን ከመጣው የጅብ እዳሪ ያሳደግኩባቸው ሳህኖች... በሰም ያሸግኳቸው... ብርቱካናማ ሆነዋል። አንዱም። ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ሁሉም።

ወደ ጋሽ ደገፋ ዞርኩ።

«ይሄን የጅቡን... ከላንጋኖ ነው ያመጡት አይደል?»

ፊታቸውን ከብርሃኑ መለሱ።

«ጋሽ ደገፋ!»

«ቤንዚን አልነበረም የሺ...» አሉ። «ላንጋኖ አልሄድኩም። ከከተማው ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር ነው ያነሳሁት።»

ከገደሉ ሥር... ሌሊት የጭነት መኪና የሚወርድበት ቦታ ነው። ሬሳ እንደሚጥል ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አናወራም። ጅቦቹም ያውቃሉ።

ልጮህ አፌን ስከፍት እጃቸው አፈነኝ።

«ጨል ጄዺ! ዝም በይ! ለፀረ አብዮት አለቀሰች ብለው አንቺንም ይጨምሩሻል። እናትሽን አስቢ... ዋጪው!»

ዋጥኩት። ከበሩ ወዲያ ታጣቂዎቹ ሲሳሳቁ ይሰማል። የወንድሜ ጠረን ክፍሉን ሞልቶታል፣ እኔ ደሞ ለቅሶዬን እንደ ትኩስ ድንች እየዋጥኩ ነው።

እጃቸውን ሲያነሱልኝ... ስሙን እንኳ ልጥራው አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ማልቀስ ቢከለከል ስም መጥራት ምን ያመጣል?

«ብዙነህ...»

«አቤት።»



«እርስዎ ነዎት?» አልኩ።

ባትሪውን ፊታቸው ላይ አበራሁ። ጋሽ ደገፋ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይዘዋል።

«አቤት።» ከላይኛው መደርደሪያ።

«አቤት... አቤት... አቤት...»

ከየሳህኑ። ቀስ ብሎ፣ በልጅነት ድምፁ። እኔ ስጠራው ከጨዋታ እየሮጠ እንደሚመጣበት ጊዜ።

በሩን በቡጢ መታሁት። «ክፈቱልን! በማርያም ክፈቱልን!» ከውጭ የመጣልን ሳቅ ብቻ ነው።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በሩ ሲከፈት ድምፁ ቀጥ አለ። ታጣቂው አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ፣

«እዚህ ብርቱካን ትበላላችሁ እንዴ?» አለን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ደረስኩ። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። አለ ወይ ስትል የጸለየችበትን መልስ ይዤላት ነው የምገባው።

እሷ ግን በር ላይ ጠበቀችኝ። ከወሰዱት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ» አለችኝ። «ብዙነህ መጥቶ ነበር።»

«እማዬ... ምን?»

«ዘጠኝ ሰዓት አልፎ። ማንም ሳይጠራው ከጓዳ ‹አቤት› ሲል ሰማሁት! ሮጬ ብገባ የለም። ፈርቶ ሄዷል ልጄ። ግን በልቶልኛል፣ ነይ እዪ!»

እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። ሳህኑን ገለጠችው።

ዳቦው ተገምጧል። የጥርሱ ምልክት መሃል ላይ ፍንጭት አለው።

የተገመጠው ጠርዝ ላይ ብርቱካናማ ነገር በቅሏል።

«እማዬ ተይው... አትንኪው...»

አልሰማችኝም። ዳቦውን አንስታ ልጇ የገመጠበትን ቦታ ሳመችው። ደግማ፣ ደጋግማ ሳመችው።

ከዚያ ዞር ብላ ሳቀችልኝ። ከንፈሯ ብርቱካናማ ሆኗል።