የተቆረጠ ቅርንጫፍ ጠቋሚ

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ዳኛዋ» ይላት ነበር። ማንም የጻፈው ኮድ ያለ እሷ ይሁንታ ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሥር ወደሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ አይገባም። አንዱን ባልደረባዋን ደግሞ በአነጋገሩ ዝግታ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ነው። ቀና ስትል ዓይኑን ካገኘችው ያን ቀን ሥራ አይከብዳትም።

እንደምትወደው ታውቃለች። ችግሩ ሌላውም ሰው ማወቁ ነበር። «ለእሱማ ታደላለች» እንዳይሏት የሌላውን ስህተት በፈገግታ፣ የእሱን በጅራፍ ታርም ጀመር። ሐሜት ፈርቶ ወዳጅን መግረፍ ምን የሚሉት ፍርድ እንደሆነ እንጃ።

አንድ ሰሞን የደንበኞች ማሽን በሥራ መሀል ይቆም ጀመር። ነገሩ ከዛፉ ነበር። ከርነሉ መረጃውን በዛፍ መልክ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እያያያዘ ያስቀምጣል። የሆነ ቦታ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ይጣላል፤ ወደ እሱ የሚያመለክተው ጠቋሚ ግን ሳይነሳ ይቀራል። ማሽኑ ጠቋሚውን አምኖ ይሄዳል፣ የሚረግጠው ያጣል፣ ይወድቃል።

«ቀስ በቀስ» ማሽኑ ወደዚያ እንዳይሄድ የሚያግድ አጭር ኮድ አቀረበ።

«ይህ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም» ብላ ሁሉም በሚያነበው ገጽ ላይ ጻፈችበት። አልበቃትም፤ «ያልገባህን አትንካ» ጨመረች።

ተነስቶ አጠገቧ ቆመ።

«ሻይ እንጠጣ?»

«ስለ ኮዱ ከሆነ እዚሁ ንገረኝ። ሰው ይስማ።»

ዙሪያውን አየ። ሁሉም ጆሮውን አቁሟል።

«ግዴለም፣ ይቅር» አለ።

ሌላ ከተማ ያለ ድርጅት ሲያባብለው ከርሞ ነበር፤ በዚያው ሳምንት እሺ አላቸው። ሲሰናበታት እጇን ጨብጦ ጥቂት ቆየ። «አትሂድ» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «መልካም ሥራ» አለችው።

ወንበሩ ባዶ ከሆነ በኋላ ዛፉን ከሥሩ መረመረችው። ጠቋሚው ሳይነሳ ቅርንጫፉን የሚቆርጠው መስመር የራሷ ሆኖ ተገኘ። ዳኛዋን ማን ይዳኛል ተብሎ ማንም ያላየው ኮድ ነው። መጀመሪያ ጠቋሚውን ማንሳት፣ ከዚያ መቁረጥ፤ እርማቱ ይኸው ነበር።

ደወለችለት።

«የእኔ ስህተት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አይተኸው ነበር?»

«ሻይ እንጠጣ ያልኩሽ ለሱ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሰው ፊት እንዴት ልበልሽ?»

እሷ እንዳትታማ ብላ ሰው ፊት አዋረደችው፤ እሱ እሷን ላለማዋረድ ተዋርዶ ሄደ።

«ብትመለስስ?» አለች በመጨረሻ።

እንደ ልማዱ ዝግ ብሎ መለሰ። «ያኔ አትሂድ ብትዪኝ እቀር ነበር። አሁን እናቴንም ወደዚህ አምጥቻታለሁ። በስተርጅና ዳግም አላንከራትታትም።»

በማግስቱ እርማቱን ሁሉም በሚያነበው ገጽ ላይ አወጣችው። ከሥሩ «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ቀድሞ ያገኘው ‹ቀስ በቀስ› ነው» ብላ ጻፈች። ማሽኖቹ ከዚያ ወዲህ አልወደቁም።

እሷም እስከ ዛሬ «ሻይ እንጠጣ» ያላትን ሰው እምቢ ብላ አታውቅም።