የሥር ማሹ ልጅ

«ይሄ ሽንት ቀዝቃዛ ነው።»

የእነዚህ ሁለት ሰዎች ፍቅር የተጀመረው በዚህ ቃል ነው ብላችሁ ማን ያምነኛል? ግን እንዲህ ነው የሆነው። ምስጢር ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች። ያን ቀን ለሥራ ቅጥር የዕፅ ምርመራ የታዘዘለት አንድ ረዥም ወንድ ብልቃጡን በሁለት እጁ፣ ጠበል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ አቀረበላት። እሷም ከብልቃጡ ጎን የተለጠፈውን የሙቀት መለኪያ አየችና ቀና አለች።

«ቀዝቃዛ ነው አልኩህ።»

«ያው... ዛሬ ብርድ ነው እኮ።»

«ውጭው ቢበርድ ሆድህ ውስጥ ምን አገባው? ግማሹ የቧንቧ ውሃ ነው!»

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩት። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ እህቴ፣ ዕፅ የሚባል በዓይኔም አላየሁ። በር ላይ ሰው ቆሞ ሲጠብቀኝ አልመጣ አለኝ። የወጣው ትንሽ ሆነብኝና... አፈርኩ። ሞላሁት።»

ምስጢር ሳቋን መያዝ አቃታት። የራሷን የውሃ ኮዳ አወጣችና ሰጠችው።

«ይሄን ጠጣና ግቢውን ዙር። ሲመጣ ይመጣል።»

ጌትነት ይባላል፤ መሐንዲስ ነው። ግቢውን ሲዞር ሲዞር ዋለና ከሰዓት በኋላ ትክክለኛውን ይዞ መጣ። የመመርመሪያ ስትሪፑን ነከረችው፤ መስመሮቹ ሁሉ ወጡ።

«ንጹሕ ነህ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«ሰው አለሽ ወይ... ማለቴ ነው።»

ጉድ በሉ! ጠዋት ባፈረበት መስኮት ከሰዓት ልብ አግኝቶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሸጋ ሸጋ ቀን ነው። ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ ይጠብቃታል፤ ማኪያቶ ይጠጣሉ፤ ማራኪ ሰፈር እስካለው ኪራይ ቤቷ በእግር ይሸኛታል። እሷ ስትደርስ መመለስ ይጠላና ግማሽ መንገድ መልሳ ትሸኘዋለች። «መኪና ስገዛ መጀመሪያ የምንሄደው እንፍራንዝ ነው፤ የአባትሽን መቃብር ታሳይኛለሽ» ይላታል። ምስጢር እንዲህ ያለ ነገር የሚላት ሰው ከአባቷ ሞት ወዲህ አልነበራትም። ወደደችው። ሳሳችለት።

ታዲያ አንድ እሑድ እናቱ ቤት ወሰዳት። እናቱ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣ የሚያነቡ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ የተከበሩ ሴት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ገና ከመቀመጧ።

«የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል። የእንፍራንዝ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሥር ማሹ?»

«የዜማ መምህር ነበሩ፣ እትዬ። ለእባብ ንክሻና ለከብት ቁስል ቅጠል ይሰጡ ነበር እንጂ...»

«እሱስ እንዲያ ነው የሚባል» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ልጃቸውን ግን ማታውኑ ያዙት። «መድኃኒት አስነክታሃለች! ሴት ቀና ብሎ የማያየው ልጄ ዛሬ ያለ እሷ እህል አይወርድለትም!» አሉት። ጌትነት ሳቀ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ፍቅር ነው የሚባለው» አላቸው። ይኸው ነው፤ ሳቀና ነገሩን ረሳው። እሳቸው ግን አልረሱም። የተማረ ሰው አንዴ ከፈራ ፍርሃቱን የሚያስጥለው የለም፤ በየቀኑ ማስረጃ ይደረድርለታል።

ሁዳዴ ገባ። ጌትነት ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ወሰነ። ለማን ይላካል ቢባል፣ ለምስጢር ከአጎቷ በቀር ወገን የላትምና ወደ እንፍራንዝ ወደ አጎቷ። ይህን ለእናቱ በነገራቸው ሰሞን አንድ ቀን ምስጢር ቤት ሽሮ በልቶ፣ ጉንጯን ስሞ፣ ወደ እናቱ ሄደ።

አመሻሹ ላይ ተረኛ ነበረች። የላቦራቶሪው ባልደረባዋ አያ ቢሻው ሮጦ ገባ።

«ምስጢር! ምነው ስልክሽን አታነሺም? ጌትነትን ድንገተኛ ክፍል አምጥተውታል!»

ስትደርስ አልጋው ላይ አስረውታል። ፊቱ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ የዓይኑ ጥቁር ነጩን ሊውጠው ደርሷል። በጣቶቹ ከአየር ላይ የማይታይ ነገር ይለቅማል።

«ጌትዬ! እኔ ነኝ!»

አያት፤ አላወቃትም። «እህቴ፣ ንቦቹን አባሪልኝ» አላት እንደ ባዳ።

ሐኪሙ ተጨንቋል። «የዕፅ ምርመራው ምንም ካላሳየ የአእምሮ ሕመም ነው ብዬ ማረጋጊያ መርፌ ልጀምር ነው» አለ። ምስጢር የሽንቱን ናሙናና ከሆዱ የታጠበውን ይዛ ሮጠች። ስትሪፑን ነከረች። ምንም የለም።

«ንጹሕ ነው» አለ አያ ቢሻው።

«ስትሪፕ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልስ፣ አያ ቢሻው። ያልተጠየቀውን ከየት ያውቃል?»

ከሆዱ የወጣውን ማይክሮስኮፕ ላይ አደረገችው። የተፈጨ ተልባ ነው። ከተልባው መሐል ግን ሌላ ስብርባሪ አለ፤ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት የመሰለ ፍሬ። ፍሬውን አወቀችው። ልጅ ሆና ከአባቷ ተማሪዎች አንዱ ትምህርት እንዲገባው ብሎ ተደብቆ አብሾ የሚሉትን ዕፅ ጠጥቶ እንዲህ ሲሆን አይታለች፤ ያኔ አባቷ ፍሬውን በመዳፋቸው ይዘው «ይህን ያያችሁ ሽሹ!» ብለው ተማሪውን ሁሉ ሰብስበው ገሥጸዋል። አስተናግር ነው፤ ሰውን አሳብዶ የሚያስለፈልፍ መርዛማ ፍሬ።

አሁን ልብ በሉ። ዝም ብትል ሐኪሙ ማረጋጊያውን ይወጋዋል፤ አስተናግር በያዘው ሰው ላይ ደግሞ ያ መርፌ ክፉ ነው፣ ሊገድለውም ይችላል። ብትናገር፣ የሥር ማሹ ልጅ የመርዙን ስም ጠራች ሊባል ነው። ምስጢር ይህን ሁሉ ኮሪደሩን ስትሮጥ አስባዋለች፤ ግን ሩጫዋን አልቀነሰችም።

«ዶክተር! መርፌውን ተወው! አስተናግር ነው! ተልባ ውስጥ ተፈጭቶ ነው የጠጣው!»

ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ፣ የዓይኑን ጥቁር ዳግም አየ፣ ሕክምናውን ቀየረ። ጌትነት በዚህ ተረፈ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ግን ከልጃቸው ራስጌ ብድግ አሉ።

«ሰማችሁ? ሰማችሁ ወገኖቼ? ሐኪም ያጣውን እሷ ስሙን ሳይቀር ታውቀዋለች! ከእሷ ቤት ምሳ በልቶ ነው የመጣው!»

«እትዬ፣ እኔ ሽሮ ነው ያበላሁት! ተልባ አልሰጠሁትም!»

«በሁዳዴ ተልባ የሌለበት ቤት የት አለ?»

አስታማሚው ሁሉ አጉረመረመ። የላቦራቶሪው ኃላፊ መጥቶ ነጭ ጋዋኗን እዚያው ሰው ፊት አስወለቃት። ስትወጣ አያ ቢሻውን እጁን ያዘችው።

«ናሙናውን አሽገህ አዲስ አበባ አስልክልኝ። እዚያ ያለው ማሽን እያንዳንዱን ነገር ነጥሎ ማንነቱን ያወጣዋል።»

«ምነው ምስጢር! ስትሪፑ ምንም የለም ብሏል፤ ዝም ካልሽ ነገሩ በዚሁ ይቀራል እኮ!»

«እውነቱ ይውጣ። እኔን ነጻ የሚያወጣኝ እሱ ነው።»

የዋህ! ውጤቱ መጣ፤ የአስተናግር መርዝ ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ልጁ ምን እንደጠጣ አንድም ሳይስት ተናገረ፤ ማን እንዳጠጣው ግን ማሽን ምን ያውቃል? ለምና ያስመጣችው ውጤት ፖሊስ ፊት እሷኑ ወነጀላት። ከሥራ ታገደች። ማራኪ ውስጥ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ለቤት ገባ። ጨው የተዋሰቻት ጎረቤቷ የተዋሰችውን አንኳኩታ እንኳ ሳትሰጣት ደጃፏ ላይ አስቀምጣው ሄደች። ቤተ ክርስቲያን ስትቆም አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ራቅ ይላሉ።

ይህን ሁሉ ቻለችው። አንድ ሰው ካመናት ይበቃታል ብላ ቻለችው።

ጌትነት ሲሻለው ፒያሳ፣ በለመዱት ካፌ አገኛት። ከስቷል። እጇን ልትይዘው ስትል እጁን ወደ ጠረጴዛው ሥር አወረደ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የወደድኩሽ... እኔ ነኝ?»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እንባዋ መጣ።

«የቧንቧ ውሃ ሞልተህ የመጣህ ቀን ምን አብልቼህ ነበር?»

«አላውቅም። ምንም አላውቅም! የታመምኩበት ቀን ከጭንቅላቴ ተፍቋል። ምሳሽን አስታውሳለሁ፣ ከዚያ ጨለማ ነው።»

«ያ ቀን ይፋቅ፣ ጌትዬ። ሌላውን ቀን ሁሉ ታስታውሰዋለህ አይደል?»

«ታዲያ እናቴ ናት የምትዋሽ?»

መልሱን ሳይጠብቅ ተነሣ። የመጣለትን ማኪያቶ አልነካውም፤ ከእሷ ፊት ለመጠጣት ፈርቶ ነው። ምስጢርን የገደላት ይሄ ነው። ካፌው መሐል፣ ሰው እያየ፣ አለቀሰች።

ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካ ማግስት በሯ ተንኳኳ። ጌትነት ነው፤ ዓይኑ አብጧል።

«አስታወስኩ፣ ምስጥዬ... ተልባው መሮኝ ነበር። ይመራል እማዬ ስላት፣ በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው ልጄ አለችኝ። ጠየቅኳት። አለቀሰች። አንቺ ያስነካሽኝን የሚያረክስ ማርከሻ ነው ብሎ አንድ ሰው ፈጭቶ ሰጥቷት ነው። ከአንቺ ልታላቅቀኝ ነው እንጂ ልትጎዳኝ አይደለም!»

አቀፈችው። ደረቱ ላይ ተንሰቀሰቀች፤ እሱም አለቀሰ። ያ ሁሉ ሐሜት፣ ያ ሁሉ መገለል ያለፈ መሰላት።

«ተነሥ፣ ፖሊስ ጋ እንሂድ!»

እጆቹ ከትከሻዋ ላላ አሉ።

«እሱን ላዋይሽ ነው የመጣሁት። ሽማግሌዎቹን አነጋግሬያለሁ። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ብትታሰር ትሞትብኛለች። አንቺ... ድንጋይ ተሸክመሽ እግሯ ላይ ውደቂ። አጥፍቻለሁ በይ። እሷ ይቅር ትልሻለች፣ ክሱ ይቀራል። ወዲያው እንጋባለን!»

«አጥፍቻለሁ?»

«በአፍሽ ብቻ! እውነቱን እኔ አውቀው የለ?»

«ያላበላሁትን መርዝ አብልቻለሁ ብዬ፣ ያበላህን ሰው ይቅርታ ልለምን?»

«ከወደድሽኝ...»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እሺ ልትል ትንሽ ነው የቀራት። ሴት ልጅ ስትወድ ድንጋይ ምን ይከብዳታል! ግን አባቷ ትዝ አሏት። ሥር ማሽ እየተባሉ የሞቱት አባቷ፣ መርዘኛም ተብለው ዳግም ሊሞቱ ነው።

«አልሸከምም» አለችው። ነጠላዋን አንሥታ ብቻዋን ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

መርማሪው እናትና ልጅን አስጠራ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ መነጽራቸውን አድርገው፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ጌትነት በመሐል ቆመ።

«እሷ ሁሉንም አስታውሷል ትላለች» አለው መርማሪው። «ተልባውን የሰጠህ ማን ነው?»

ጌትነት እናቱን አየ። ምስጢርን አየ። ምስጢር ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም፤ አንድ ቃል ነው የምትፈልገው፤ ያቺን አንድ ቃል።

«አላስታውስም» አለ።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ በረዥሙ ተነፈሱ። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በእሷም በሳቸውም ላይ ማስረጃ የለም፤ መዝገቡ ይዘጋል፤ ማንም አይከሰስም። ስሟን የሚያጥብላት ግን ከእንግዲህ ማንም የለም። ምስጢር አመስግና ወጣች።

ከደጅ ደረሰባት፤ እየሮጠ ነው የመጣው።

«ምስጢር! ይቅር በይኝ! እናቴ እኮ ናት! ምን ላድርግ? እወድሻለሁ... በማርያም እወድሻለሁ!»

ምስጢር ዞራ አየችው። ያን ሁሉ ጊዜ ስትወደው የኖረችውን ፊት አንድ በአንድ አየችው። ስትጠብቀው የነበረው ሕመም አልመጣም፤ ምንም አልመጣም።

«ግባና ለእናትህ ንገራቸው» አለችው ቀስ ብላ። «ማርከሻው ሠርቷል በላቸው። እኔ ላይ ነው የሠራው።»

ባጃጅ አስቁማ ገባች። ወደ እንፍራንዝ የሚሄደውን መኪና ለመያዝ መናኸሪያ ውሰደኝ አለችው ሹፌሩን።