ከጎማው ሥር የነበረው ድንጋይ

«ጀልባ የጫነ ነገር ወድቆበት ሰው ሞቷል» አለ ኮንስታብል ሀይሉ በስልክ።

«አስከሬኑን አወጣችሁት?»

«ከምኑ?»

«ከውኃው ነዋ! የት ነው፣ ብር ወንዝ ነው ወይስ ፈጣም ወንዝ?»

«ኢንስፔክተር፣ እኛ እኮ ብየዳ ቤት ነው ያለነው። እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ መውጫው ላይ።»

ኢንስፔክተር ሲሳይነሽ ግን ይህን ስትሰማ ጉልበቷ ድረስ የሚደርሰውን ቦቲ አጥልቃ ከጣቢያው ወጥታ ነበር። ተመልሳ መቀየሩ ደከማት። በሳምንቱ ውስጥ ይህ ሦስተኛው ሞት ነው፤ የሁለቱን ገና ጽፋ አልጨረሰችም። በዚያው ቦቲ ባጃጅ ላይ ወጣች።

በብየዳ ቤቱ ግቢ ውስጥ የቆሙት አራት ሰዎች መጀመሪያ ያዩት ጫማዋን ነበር።

በሲሚንቶው ወለል መካከል ባለ ሁለት ጎማ አዲስ ተሳቢ ቆሟል። ካያክ የሚሏቸው፣ አንድ አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ ስድስት ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባዎች፣ ሦስቱ ከታች ሦስቱ ከላይ ሆነው ታስረውበታል። ከመኪና ጋር የሚያያዘው ረጅም የብረት ክንድ፣ መጎተቻው፣ በሟቹ፣ በብየዳ ቤቱ ባለቤት በጌታሁን ደረት ላይ ተጋድሟል። መጎተቻውን ከፍ አድርጎ ይዞት የነበረው ክሪክ አጠገባቸው ተገልብጧል።

«ያለቀ ነገር ነው» አለ ሀይሉ። «ከጎማው ሥር ድንጋይ አልተደረገም። ተሳቢው ሲንሸራተት ክሪኩ ወደቀ፤ መጎተቻው ደረታቸውን መታቸው፤ ወደ ኋላ ሲወድቁ ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶው ጋር ተጋጨ። ድንጋይ ማድረግ ደግሞ የዘበኛው ሥራ ነው። ይዤያቸዋለሁ።»

ዘበኛው ባምላኩ እጃቸው በካቴና ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጠዋል። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ነው የመጡት።

«ድንጋዩን አድርጌያለሁ፣ እመቤቴ» አሉ። «እርሻ ትቼ እዚህ ከገባሁ አሥር ዓመቴ። አንድም ቀን ጎማ ያለ ድንጋይ አሳድሬ አላውቅም። በሬስ ሳይታሰር ያድራል?»

«እና ድንጋዮቹ እግር አውጥተው ሄዱ?» አለ ሀይሉ። ሁለቱ ድንጋዮች ግድግዳው ሥር ነበሩ።

«ማታ የት ነበሩ፣ አያ ባምላኩ?»

«ሰርክ ጸሎት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ አንድ ሰዓት ላይ ተመለስኩ። መብራት የለም፣ ድምፅም የለም። ጌታሁን ወደ ቤታቸው ገብተዋል ብዬ በሩን ዘጋሁ።» አንገታቸውን ደፉ። «ባልሄድ ኖሮ…»

ሀይሉ የክሱን ወረቀት አዘጋጅቶ ጨርሷል። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ሊያቀርባቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ወኅኒ ከገቡ ቋሪትን ተመልሰው ማየታቸው ያጠራጥራል። ሲሳይነሽ ወረቀቱን ተቀብላ ሳትፈርምበት አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ሁሉም ወደ ቢሮ ይግባ» አለች።

ከሀይሉ በቀር ሁሉም ግቢውን ሲለቅ ቁጢጥ አለች። ወለሉ ላይ ከጎማዎቹ ዙሪያ ቀይ የፀረ ዝገት ቀለም ተፈናጥቋል፤ ጠብታው ስንዴ አያክልም። ከየጎማው ኋላ ግን ጎማውን ታክኮ አንዲትም ጠብታ ያላረፈችበት ቦታ አለ። አንዱ ክብ፣ አንዱ ሾጠጥ ያለ። ወደ ግድግዳው ሄዳ ድንጋዮቹን አገላበጠቻቸው። አንዱ ክብ ነው፤ ሌላው ሾጠጥ ያለ። ሁለቱም በአንድ ጎናቸው ቀይ ነጠብጣብ አለባቸው።

መጎተቻው ከተሳቢው አካል ጋር በተበየደበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀለሙ የአውራ ጣት ያህል ተፍቋል። ከሥሩ ብረት ሳይሆን ቀዳዳ የሚደፈንበት ነጭ ስቱኮ ይታያል። የሟቹም የአውራ ጣት ጥፍር ውስጥ ነጭ ዱቄት ነበር።

«መጎተቻውን አንሣላቸው» አለችው ሀይሉን።

የሀይሉ ስልክ ጮኸ። በአንድ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ፣ «አቤት፣ ሐኪሙ ደርሷል?» እያለ፣ በሌላው መጎተቻውን ከሟቹ ላይ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሲሳይነሽ እጁን አይታ ወደ ቢሮው አመራች።

መጀመሪያ የጠራችው ቤቴልን ነው። የተሳቢውን ንድፍ የሠራችው እሷ ናት፤ በኮሌጅ የብረታ ብረት መምህርት። ነጭ ካፖርቷ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ፤ ዓይኗም ቀልቷል።

«ስለ ተሳቢው ንገሪኝ። እንደማያውቅ ሰው ቁጠሪኝ፤ አላውቅምም።»

«መጎተቻውን ያስረዘምኩት መኪናው ሲታጠፍ የጀልባዎቹ አፍንጫ እንዳይነካው ነው። ተሸካሚዎቹን በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጠቀለልናቸው፤ ብረት ፕላስቲኩን ይበላዋል። ትናንት ደግሞ…» ቆመች። «የኔ ስህተት ነው አይደል የገደላቸው?»

«ትናንት ምን?»

«ተሳቢውን ያዘዘው ወንዳወቅ አስቸገረን። ‹ወንዙ ዳር መኪና አይወርድም፣ አሸዋው ላይ በእጄ ነው የምገፋው፣ መጎተቻው ከብዶኛል› አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን አክስል ቡሎኖች ፈተን አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት አመጣነው። ክብደቱ ጎማው ላይ እንዲያርፍ። ከዚያ እኔ ፀረ ዝገት ረጨሁበት።»

«ማን ማን ነበራችሁ?»

«ጋሽ ጌታሁን፣ ወንዳወቅ፣ እኔ። አያ ባምላኩም ደግፈዋል። በያጁ ቻላቸው ለሥራ ሽንዲ ሄዶ ነበር።»

ወንዳወቅ ጎብኚዎችን ከቡሬ በታች ካለው ድልድይ ሥር በአባይ ላይ በጀልባ የሚወስድ ጎልማሳ ነው። ሲገባ ቦቲዋን አየና «ይቺን ቦቲ ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ፤ ወዲያው አፈረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስጨነቅ አፌ አያርፍም።»

«ጀልባዎቹን የጫንከው መቼ ነው?»

«አሥር ሰዓት ላይ። ጋሽ ጌታሁን አንድ ነገር አስቆጥቷቸው ነበር። መጎተቻው ሥር ተንበርክከው በጥፍራቸው ቀለሙን ይፍቃሉ። ምን ሆኑ ስላቸው፣ ‹ነገ ጅጋ እሄዳለሁ፤ የማስፈታው ሰው አለ› አሉኝ።»

ቻላቸው የመጨረሻው ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ከጌታሁን ሥር ሠርቷል፤ መጎተቻውን የበየደውም እሱ ነው።

«አባቴ ማለት ናቸው» አለ ወለል ወለሉን እያየ። «ሽንዲ የቤተ ክርስቲያን አጥር ስሠራ ውዬ አድሬ ዛሬ ጠዋት ብገባ ይህን ጉድ አየሁ።»

«መጎተቻው ያን ያህል ይከብዳል?»

«ምን ጥያቄ አለው! ጀልባ ተጭኖበት ሦስት ጎረምሳ ካልተረዳዳ ከመሬት አይላቀቅም። ደረት ላይ ካረፈ አለቀ።» ቀና አለ። «ግን በአያ ባምላኩ ላይ አይጨክኑባቸው። እርጅና ነው። የረሱት ረስተው ነው።»

ሲሳይነሽ አመስግና ሸኘችው። ከዚያ በጣም እንደደከማት ታወቃት፤ አንዳንድ ጊዜ የሚደክማት ነገሩ ሲጠፋባት ሳይሆን ሲገባት ነው።

«ጅጋ ላይ የታሰረ ማን አለ?» አለችው ሀይሉን።

«ተስፋው የሚባል የትራክተር ሹፌር። ከሦስት ወር በፊት እህል የጫነ ተሳቢ ቁልቁለቱ ላይ ተገንጥሎበት እናትና ልጅ ገድሏል። እሱ ብረቱ ተበጠሰ ይላል፤ ማን ይሰማዋል፣ በፍጥነት ነድቷል ተብሎ ተያዘ።»

ወደ ባምላኩ ሄደች። «የጅጋው ተሳቢ የት ነው የተሠራው?»

«እዚሁ።»

«ማን በየደው?»

«ቻላቸው» አሉ።

ሽንዲ ደወለች። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ሃይለ ሚካኤል ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፤ አጥሩ ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ፣ በያጁም ምሳውን በልቶ ወዲያው ሄደ አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ተሳቢው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሐኪሙም በስልክ የሚለውን ብሏል።

«ቻላቸው፣ ይህን መጎተቻ አንሡልኝ። ሦስት ሰው ነው ያልከው፤ ሀይሉንና ወንዳወቅን ያዝ።»

ወንዳወቅ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት አየችው፤ መልሶ ዘጋው። ቻላቸው ጉልበቱን አጠፈ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። መጎተቻው እንደ ገለባ ተነሣ። ቻላቸው ወደ ኋላ ተንገዳግዶ በቂጡ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሁለቱ እጃቸውን እንኳ አላጠበቁም ነበር።

ማንም አልሳቀም።

«ተቀመጥ፣ እዚያው ሁን» አለችው ሲሳይነሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «መጀመሪያ ስለ ድንጋዩ ልናገር። ቤቴል ትናንት ቀለም ስትረጭ ድንጋዮቹ ከጎማው ሥር ነበሩ። ወለሉን እዩ፤ ቀለሙ ድንጋዩን እንጂ ሥሩን አልነካም። ስለዚህ አያ ባምላኩ ሥራቸውን ሠርተዋል። ድንጋዩን ያነሣው ሌላ ሰው ነው። ጎማውም አሁን ድረስ ከዚያው ቦታ አልተነቃነቀም። ተሳቢው ተንሸራቶ አያውቅም።»

ባምላኩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ካልተንሸራተተ ክሪኩን ማን ጣለው? መጎተቻውስ ሰው ይገድላል? ሀይሉ ጠዋት በአንድ እጁ አነሣው፤ በሌላው ስልክ እያወራ። ሐኪሙ እንዳለው የደረታቸው አጥንት አንዱም አልተሰበረም። የሞቱት ከኋላ በመዶሻ ተመትተው ነው። ገዳዩ አስተኛቸው፣ ክሪኩን በእግሩ ገፋው፣ ብረቱ ወደቀ፤ ክብደቱን በእጁ አልለካውም። የድንጋዩን ጥፋት ዘበኛው ይሸከመዋል ብሎ ድንጋዮቹን ግድግዳው ሥር ወረወረ። እንግዲህ ይህን ያቀናበረው መጎተቻው ሰው ይጨፈልቃል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እስከ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ አክስሉ ወደ ፊት መጣ፤ መጎተቻው ቀለለ። ቤቴል ታውቃለች፣ ወንዳወቅ ያውቃል፣ አያ ባምላኩ በእጃቸው ደግፈዋል። የማያውቀው ሽንዲ የነበረው ብቻ ነው።»

«ሽንዲ ነዋ ያደርኩት!» አለ ቻላቸው።

«አቶ ሃይለ ሚካኤል ስምንት ሰዓት ላይ ሸኝተውሃል። አንተ ጎበዝ በያጅ ነህ፤ ይህን ተሳቢ በብርሃን አንድ ጊዜ ብታየው አክስሉ መነሣቱን ታውቀው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደዚህ ቀና ብለህ አላየህም።»

የተፋቀውን ቦታ በጣቷ አሳየች። «ብየዳው ውስጡ ባዶ ነው፤ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል። ጌታሁን ትናንት ይህን ፍቀው አዩ፤ የጅጋው ተሳቢ ለምን እንደተገነጠለ ያኔ ገባቸው። ሊያስፈቱ የነበረው ተስፋውን ነው።»

ቤቴል አፏን በእጇ ያዘች።

«በዚያ ሰሞን ሥራ የሚቸኮልበት ጊዜ ነበር» አለ ቻላቸው፣ መሬት ላይ እንደተቀመጠ። «መኸር ደርሶ ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይላል። ስቱኮውን አንዴ አደረግሁት፣ ማንም አላወቀብኝም፤ ለመደብኝ። ማታ ስገባ ጋሼ ጠበቁኝ። አልተቆጡም። ‹ነገ አብረን እንሄዳለን፣ አንተው በአፍህ ትናገራለህ፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አሉኝ። ለመንኳቸው። ‹ያ ልጅ በአንተ ጥፋት ታስሮ እኔ እንጀራ አይወርድልኝም› ብለው ክሪኩን ሊያስተካክሉ ዞሩ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር።»

«አጠገብህ እቆማለሁ ብለውህ?» አሉ ባምላኩ ቀስ ብለው።

ቻላቸው ሁለት እጁን ወደ ሀይሉ ዘረጋ።

ሲሳይነሽ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ለሁለት ቀደደችው። ሀይሉ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈቶ በቻላቸው እጅ አደረገው፤ ሲፈታላቸው «ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» ማለቱን የሰማው ሁሉም አልነበረም። ሲሳይነሽ በርሜል ላይ ተቀምጣ ቦቲዋን አወለቀች። እግሯ አብጧል።

የጅጋው መዝገብ በሳምንቱ እንደገና ተከፈተ፤ ተስፋውም ከሁለት ወር በኋላ ተፈታ። ቤቴል መጎተቻውን ቆርጣ ራሷ በየደችው። ያን ዕለት ግን ሁሉም ከሄደ በኋላ ባምላኩ ሁለቱን ድንጋዮች ከግድግዳው ሥር አንሥተው፣ ክቡን በቀኝ፣ ሾጠጥ ያለውን በግራ፣ ከጎማዎቹ ሥር መለሷቸው።