ጠጠር ወይስ ትልም

የሒሳብ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞር እንዳሉ ራዲዮ አንገቱን በመስኮት አሰገገና ተመልሶ ወደ ሰበዝ ጠጋ አለ።

«አያትሽ መሀል መንገድ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል» አላት በሹክሹክታ።

«ምን ሆኑ ደግሞ?»

«እኔ እንጃ። ጠጠር የጫኑ ገልባጮች ፊታቸው ተሰልፈዋል። ጥሩንባው አይሰማሽም እንዴ?»

ራዲዮን ራዲዮ ያሰኘው ወሬ ሆዱ ውስጥ አለማደሩ ነው፤ ውሸት ግን አያውቅም። ስለዚህ ሰበዝ እጇን አውጥታ አስፈቀደችና መልሱን በቅጡ ሳትሰማ ወጣች። በነገራችን ላይ የእሷም ትክክለኛ ስም ሰበዝ አይደለም። በቁመት ከክፍሉ ሁሉ የምትበልጥ፣ በውፍረት ከሁሉም የምታንስ በመሆኗ ገና አንደኛ ክፍል እያለች ልጆቹ ያወጡላት ነው። አሁን እናቷም ብትሆን በሌላ ስም አትጠራትም።

ከትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ ነገሩ ራዲዮ እንዳለው ሆኖ አገኘችው። አያቷ ካፒቴኑ በፕላስቲክ ወንበር ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። የፊተኛው ገልባጭ ሾፌር ጥሩንባ መንፋቱ ሰልችቶት በመሪው ላይ ተደግፎ ያያቸዋል።

ካፒቴን የተባሉት ሐይቁ ሐይቅ በነበረበት ዘመን ሰውና ዕቃ የሚያሻግር ጀልባ ይነዱ ስለነበር ነው። ሐይቁን የሚመግበውን ወንዝ ከተራራው ማዶ ላለው ትልቅ ከተማ ከጠለፉት ወዲህ ግን ውሃው በየዓመቱ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ በመጨረሻ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። የቀረው ነጭ ጨዋማ ሜዳ ነው። ነፋስ ሲነሳ ሜዳው አብሮ ይነሳና ከተማው ላይ ይወድቃል። ያኔ ልብስ አይሰጣም፣ መስኮት አይከፈትም፣ ክሊኒኩም በሚያስል ልጅ ይሞላል።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ አቧራውን ለማፈን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠጠር ላልብሰው ካለ ጀምሮ ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም ሰላምታ እስከመነፋፈግ ደርሷል። የሰበዝ ቤት ደግሞ መሀሉ ላይ ተሰንጥቋል። አያቷ ጠጠሩን በዓይናቸው ማየት አይፈልጉም። እናቷ ደግሞ የክሊኒኩ ነርስ ናት፤ ጠጠሩ ትናንት ቢደፋ ደስታዋ ነበር።

እናቷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች፣ ሰው እየገፋች ደረሰች። የውሃ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስም ከኋላ ካለው መኪና ወርዳ መጣች፤ አፍንጫዋን ፀሐይ የላጠው፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ወጣት ሴት ናት።

«አባባ፣ ይነሱ» አለች እናቷ። «ሰው ይመለከተናል።»

«ይመልከት። እዚህ ሜዳ ላይ ድንጋይ ከተነጠፈ ውሃውን የሚመልሰው የለም። ሐይቁ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ድንጋይ የሚጫነው መቃብር ላይ ነው።»

«እኔ ደግሞ የምፈራው የልጄን መቃብር ነው» አለች እናቷ።

ሰበዝ የታናሽ ወንድሟን የማሙሽን ደረት አሰበች፤ አቧራ በተነሳ ቁጥር እንደ ፉጨት ይጮሃል፣ ጀርባውን እያሻሸች የምታስተኛውም እሷ ናት። አያቷንም አየች። ውሃው ከሄደ ጀምሮ ትከሻቸው በየዓመቱ ወደ ታች ወርዷል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

ምን እንደነካት ሳታውቅ ወደ መሐንዲሷ ዞራ ከጠጠር ሌላ ምንም መላ የለም ወይ ብላ ጠየቀቻት።

አለ፣ አለች መሐንዲሷ። መሬቱን ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ አግድም፣ ጠልቆ ማረስ። ትልሙ ከፍና ዝቅ ሲል፣ ጓሉም ሲቆም፣ እየተንከባለለ የሚመጣው አቧራ ቦዩ ውስጥ ወድቆ ይቀራል። እሷ ራሷ ይህን አቅርባ ነበር፤ ነገር ግን እዚህ አገር ያልተሞከረ፣ በየጊዜውም እንደገና መታረስ ያለበት ነው ብለው አለቆቿ ጣሉት። ጠጠር አንዴ ከተደፋ ተደፋ ነው።

«ውሃ ቢመለስስ?» አሉ ካፒቴኑ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

«ትልሙ ይሟሟል። ጠጠሩ አይሟሟም።»

«ታዲያ ለምን አይሞከርም?» አለች ሰበዝ።

ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ። የከተማው ኮሚቴ ሰብሳቢ ተጠርተው መጡ፣ ስልክ ተደወለ፣ ተጮኸ፣ ተለመነ። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ። አንድ ሰፊ ቁራሽ መሬት ይታረሳል። የበጋው ትልቁ ነፋስ ሲመጣ ትልሙ አቧራውን ከያዘ መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ካልያዘ ግን ጠጠሩ ሁሉም ቦታ ይደፋል፣ ካፒቴኑም ትንፍሽ አይሉም። የሚታረሰውን ቦታ የሚመርጠው ከተማው ነው። ከተማው ደግሞ ምርጫውን ለካፒቴኑ ሰጠ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ ተከታዮቻቸውን አስከትለው በቀጥታ ወደ አሮጌው ወደብ ሄዱ። ከወደቡ የተረፈው ጀልባ የሚታሰርበት የዛገ ቀለበት ያለው የሲሚንቶ ምሰሶ ብቻ ነው። ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «እዚህ ነው» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ።

መሐንዲሷ አፈሩን ዘገነች። በጣቶቿ መሀል ሾልኮ አለቀ። እዚህ አሸዋ ስለሚበዛ ትልም አይቆምም፣ ወደ ደቡብ በኩል ያለው ጭቃማ መሬት ይሻላል ብላ ተናገረች፤ ምርጫው የእናንተ ነው ብላም ጨመረች። ጠጠር ካመጣች ሴት ምክር የሚሰማ ግን አልነበረም። ሰበዝም ከሰዉ ጋር ቆማ ዝም አለች።

ሌላው ሰው ሲበተን እሷ ቀረች። አያቷ ምሰሶው ሥር ተቀምጠው ነጩን ሜዳ ያያሉ።

«አባባ፣ እዚህ አሸዋ ነው» አለች።

«እዚህ ወደብ ነው።»

«ያውቁታል እኮ። ማሙሽና እኔ እዚህ ቤት ስንሠራ አንድም ቀን ግድግዳ ቆሞልን አያውቅም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ስለ ሐይቁ የምታስተምሪኝ?»

«ስለ ሐይቁ አይደለም፤ ስለ መሬቱ ነው።» አያቷን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። «እዚህ ከሞከርን እንሸነፋለን። ከተሸነፍን ደግሞ ጠጠሩ ሁሉም ላይ ይወርዳል። እዚህም ላይ።»

ካፒቴኑ ተነስተው ሱሪያቸውን አራገፉና ጥለዋት ሄዱ። ራት ላይም አላናገሯትም። ጨው አቀብይኝ ለማለት እንኳ በማሙሽ በኩል ነበር የሚልኩት።

ጠዋት ስትነሳ ባርኔጣቸውን አድርገው የግቢው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ያቺ ልጅ ጭቃ ያለችው የቱ ጋ ነው?» አሏት።

ሰበዝ ደንግጣ አየቻቸው።

«ትናንት ያኮረፍኩሽ ስለተሳሳትሽ አይደለም» አሉ ካፒቴኑ በሩን እየከፈቱ። «ስላልተሳሳትሽ ነው። ነይ፣ ምሪኝ።»

እርሻው በዚያው ሳምንት በደቡቡ ጭቃማ መሬት ተጀመረ። ካፒቴኑ ትራክተሩ ላይ ከሾፌሩ ጎን ተንጠልጥለው፣ ጀልባ እንደሚነዱ ሁሉ፣ ግራ ያዝ ቀኝ ያዝ እያሉ ሰውዬውን መውጫ መግቢያ አሳጡት። ነፋሱ የሚመጣበትን በጣታቸው ሲያሳዩ የመሐንዲሷ የነፋስ መለኪያ ቀስትም ወደዚያው አመለከተ። ሁለቱ ተያይተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ዳር ዳሩ ረግረግ ስለሆነ ትራክተሩ እየሰጠመ አስቸገረ። ያንን የትምህርት ቤቱ ልጆችና ካፒቴኑ በአካፋ ያዙት። ጨው የጋገረው ጭቃ አካፋውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ አንዱን ጓል ለማንሳት ሁለት ሆነው ይንጠለጠሉበታል። ራዲዮ መዳፉ ውሃ ሲቋጥር እጁን ወደ ላይ አንስቶ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሐይቁ ተመልሷል፤ እጄ ላይ ነው» አለና ሁሉንም አሳቃቸው።

የሰበዝ እናት በትልሙ አታምንም ነበር። ቢሆንም ፋሻና መድኃኒት ይዛ መጣች፣ የቆሰለውን መዳፍ ሁሉ በየተራ አሰረች። የአባቷ ተራ ሲደርስም እጃቸውን ይዛ አሰረችላቸው። ሁለቱም ስለ ጠጠር አላነሱም።

ትልቁ ነፋስ የመጣው እርሻው ባለቀ በሁለተኛው ቀን፣ ትምህርት ላይ እያሉ ነው። መጀመሪያ አየሩ ጸጥ አለ፤ ከዚያ የቆርቆሮው ጣሪያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደወል ተደወለ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ከመንገድ የሸሸው ሰው ሁሉ አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። ሜዳው ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። ካፒቴኑ መጡ፣ መሐንዲሷ መጣች፣ እናቷም ማሙሽን አዝላ ከክሊኒኩ ሮጣ ደረሰች።

ሜዳው ተነሳ። እንደ ነጭ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ ከተማው መራመድ ጀመረ። አንድ ሰው ከኋላ «አለቀልን፣ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ» ሲል ሰበዝ ሰማች። መሐንዲሷ ከንፈሯን ነክሳ በመነጽሯ ወደ ደቡብ ታያለች።

«እዚያ ጋ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አለ ራዲዮ።

ሁሉም ወደ ጣቱ አቅጣጫ አየ። በነጩ ግድግዳ መሀል ሰፊ መስኮት የተከፈተ ይመስል ነበር። ትልሞቹ ጎን ለጎን ተኝተው፣ ጠቁረው፣ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከላያቸው ምንም አይነሳም። ከወዲያ እየተንከባለለ የሚመጣው አቧራም ትልሙ ጋ ሲደርስ ጎንበስ እያለ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ በወዲህ በኩል አይወጣም።

«ያዘ» አለች መሐንዲሷ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ «ያዘ እኮ!»

ፎቁ በጭብጨባ ተናወጠ። የትራክተሩ ሾፌር ባርኔጣውን ወደ ኮርኒሱ ወረወረ። የሒሳብ መምህሩ ራዲዮን አቅፈው ሳሙት፤ በኋላ ሁለቱም አፈሩ። ሰበዝ እየሳቀች መሆኗን ያወቀችው እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ ነው። እናቷ ማሙሽን ከጀርባዋ አውርዳ መስኮቱ ጋ ከፍ አደረገችው።

«እይ» አለችው፤ «ያ የአያትህ ትልም ነው።»

«የእህቱ ነው» አሉ ካፒቴኑ። «እኔማ አሸዋ ላይ ልዘራው ነበር።»

እናቷ አባቷን ትከሻቸው ላይ ሳመቻቸው። ከዚያ በፊት መቼ እንደሳመቻቸው ሰበዝ አላስታወሰችም።

ደስታው መሀል ግን ሰበዝ ሌላም ነገር አየች። ከሁሉ የወፈረው የአቧራ ጅራት የሚነሳው ከአሮጌው ወደብ ነው። ከዚያ ተነስቶ፣ ማንም ሳያግደው፣ በቀጥታ ክሊኒኩ ላይ ይወርዳል። ጎኗ የቆሙት አያቷም ዓይናቸው እዚያው ላይ ነበር።

ነፋሱ በተኛ ማግስት ከተማው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው መሥሪያ ቤቱ ትልሙን መቀበሉን፣ ሜዳው በሙሉ እንደሚታረስ፣ በየዓመቱ ለሚታደሰውም ትራክተር እንደሚመደብ ሲያበስሩ ወንበር ላይ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ካፒቴኑን ወጣቶች በትከሻቸው ተሸክመው አዳራሹን አዞሯቸው፤ ሲያወርዷቸው ባርኔጣቸው አልነበረም፣ ማሙሽ አድርጎት ተገኘ።

«እንግዲህ ጠጠሩ በሙሉ ወደመጣበት ይመለስ?» ብለው ጠየቁ ሰብሳቢው።

«ይመለስ!» አለ አዳራሹ።

መሐንዲሷ የቀረች ነገር አለች ብላ ልትናገር ሞከረች፤ ጭብጨባው ድምፅዋን ዋጠው። ሰበዝ ወደ አያቷ ዞረች። ካፒቴኑ አያጨበጭቡም። የታሰሩ መዳፎቻቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩዋቸዋል። እንዲህ በክብር አንስቷቸው ላወረደ ሰው ስለ ወደቡ አቧራ መናገር እንዳቃታቸው ገባት።

ተነሳች። ቁመቷ ስለሚታይ ብዙም ሳይቆይ ጭብጨባው ረገበ።

«የወደቡ ጥግ ጠጠር ይልበስ» አለች። «እዚያ ያለው አሸዋ ነው፣ ትልም አይቆምበትም። ክሊኒኩ ላይ የሚወርደው አቧራ ከዚያ ነው የሚነሳው፤ ትናንት ሁላችንም አይተነዋል። የቀረው በሙሉ ይታረስ፤ እሱ ጥግ ብቻ።»

ጉምጉምታ ተነሳ። «አሸንፈን ሳለ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ያውም የገዛ አያትሽ ወደብ?»

«እኔ የተጣላነው ከአቧራው ጋር መስሎኝ» አለች ሰበዝ።

እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። ወዲያው ግን የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ካፒቴኑ ዞረ። ሰበዝ ወደ እሳቸው አላየችም። ቢያኮርፉም ያኩርፉ ብላ ቆርጣለች፤ ስለዚህ ፊቷን ወደ ሰብሳቢው አድርጋ እንደቆመች ቀረች።

«ድምፅ እንስጥበት» አሉ ሰብሳቢው። «የልጅቷን ሐሳብ የሚደግፍ?»

ከጎኗ አንድ በፋሻ የታሰረ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ። ቀጥሎ የእናቷ፣ ቀጥሎ የትራክተሩ ሾፌር፣ ቀጥሎ የራዲዮ፤ ዕድሜው ለድምፅ አይደርስም ብሎ የከለከለውም የለም። ከዚያ በኋላ የተነሳውን እጅ ሰብሳቢው መቁጠር አላስፈለጋቸውም።