ሳልከፍት የጣልኩት ፈተና

ይሄ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። አንድም ነገር አልጨመርኩበትም። እንዲያውም ልቀንሰው ያማረኝ ብዙ ነበር... የሚያሳፍረኝን ሁሉ። ግን እሱን ካወጣሁት ታሪኩ አይኖርም።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ለስምንት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል። የቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የሌሊቱ አይደለም።

ቦታው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ከሸፊቃ የሞባይል ሱቅ በላይ የተከራየኋት አንዲት ክፍል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጣጣል። ታች ገበያው እንደ ወትሮው ይጮኻል።

ስሜ ሂካ ነው። ወላጆቼ ከኢትዮጵያ በስደት መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ናይሮቢ ላለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት በኢንተርኔት እሠራለሁ።

ከሥራዬ አንዱ ፈተና ማረም ነው።

ሥራ ለሚያመለክቱ ሰዎች ቤታቸው ሆነው የሚሠሩት የኮዲንግ ፈተና እንልካለን። ሦስት ቀን አላቸው። ትንሽ ፕሮግራም ጽፈው ይልካሉ። እኔ ከፍቼ አየዋለሁ፤ አልፏል ወይም ወድቋል እላለሁ።

የዚያን ሳምንት ፈተና ክሊኒክ የመጡ ሕመምተኞችን ስም መዝግቦ ተራ የሚሰጥ ፕሮግራም ነበር። ከተላከላቸው አንዷ ጃለቱ ናት። ኡራን የሚባለው መንደር ልጅ።

ስሟን ሳየው ደስ አላለኝም።

እውነቱን ልናገር... በሞያሌ እንዲህ ያለ ሥራ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው መንገድ ላይ በጣቱ ይጠቁመኛል። ናይሮቢም "የሰሜኑ ልጅ" ይሉኛል። ሁለተኛ እንዲመጣ አልፈለግኩም።

ረቡዕ ጠዋት ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከሸፊቃ ነው ያገኘችው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ነፋስ ይሰማል። ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ነበር።

ሥራውን ጨርሻለሁ አለችኝ። ግን ኡራን ኢንተርኔት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለመላክ ሞያሌ መምጣት አለባት። ወንድሟ አርብ በሞተር ሊያመጣት ይችላል። አንድ ቀን ብቻ እንድጨምርላት ለመነችኝ።

ባለፈው ሳምንት ፖል የሚባል የናይሮቢ ልጅ "ጉዞ ላይ ነኝ" ሲለኝ ሁለት ቀን ጨምሬለታለሁ። ምክንያቱን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ለጃለቱ ግን፣

"ደንቡ አይፈቅድም፤ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ይዘጋል" አልኳት።



"እሺ። እንግዲያው ዛሬ በሎሪ እመጣለሁ" አለች። አመሰገነችኝ። ስልኩን ዘጋች።

ሐሙስ ምሳዬን እንኳ አልበላሁም። ሰዓቱን እያየሁ ተቀምጬ ነበር። እንድታረፍድ እየጠበቅኩ...

ላፕቶፔ ጮኸ።

ከጃለቱ። ሥራዋ ደርሷል። የተላከበት ሰዓት 13:52 ይላል፤ ለስምንት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው።

አልከፈትኩትም።

ከፍቼው ጥሩ ሆኖ ባገኘው ምን ላደርግ ነው? ስለዚህ አልከፈትኩትም። የማረሚያ ቅጹ ላይ "ወድቋል" ብዬ ሞላሁ። ምክንያት ጻፍ ይላል። ከራሴ ፈጠርኩ። "ምንም ስም የሌለበት ባዶ ዝርዝር ሲሰጠው ፕሮግራሙ ይቆማል" ብዬ ጻፍኩ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረኝም።

የ"አዝናለን" ደብዳቤውን ላክሁላት። ከዚያ ወርጄ ምሳ በላሁ።

ስመለስ መልስ ጠብቆኛል። ሁለት መስመር ብቻ።

"ባዶ ዝርዝር ሞክሬያለሁ። አይቆምም።

እባክህ ክፈተው።"

ደነገጥኩ። አለመክፈቴን በምን አወቀች? ከዚያ ደግሞ... የተላከበትን ሰዓት አየሁ።

13:52።

እኔ ደብዳቤዬን የላክሁላት ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። እንዴት ከደብዳቤው በፊት ትመልሳለች? ኔትወርኩ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የኛ አገር ኔትወርክ ያልሠራው ነገር የለም።

አርብ ሌላ መጣ። "እባክህ ክፈተው።" ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ 13:52።

ቅዳሜም መጣ። ያው ቃል። ያው ሰዓት።

እሑድ ላፕቶፑን ዘግቼ ዋልኩ። አልመለስኩላትም። ይቅርታ ለመጠየቅ ስልኬን አንድ ጊዜ አንስቼ ነበር... መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ደረጃውን ወጥቶ በሩን አንኳኳ። ረጅም፣ አቧራ የለበሰ ወጣት ነው። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ አቅፏል።

ዋሪዮ እባላለሁ አለኝ። የጃለቱ ወንድም ነው። ሸፊቃ ናት ወደ እኔ የላከችው።

ሊቆጣኝ የመጣ መሰለኝ። ወንበር ሰጠሁት። አልተቆጣም። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ፈታው። ክዳኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነው። በየስንጥቁ ቀይ አፈር ገብቷል።

"ፎቶዋ እዚህ ውስጥ አለ ይላሉ። እናታችን ሌላ ፎቶ የላትም። ታወጣልኛለህ?" አለኝ።

"እሷስ?" አልኩት።

አየኝ። ያልሰማሁ መሆኔን ያኔ ነው ያወቀው።

የነገረኝ እንዲህ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ሎሪ ላይ ወጣች። ጭነቱ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቅፋ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሎሪው ደረቁ ወንዝ ጋ ሲደርስ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተርፈዋል። እሷ እዚያው ሞተች። ሐሙስ ኡራን ወስደው ቀበሯት።



"ሐሙስ... ስንት ሰዓት?" አልኩት።

ምን ያደርግልሃል ሳይለኝ ትንሽ አሰበ። አፈሩን አልብሰው ሲጨርሱ ሰዓቱን አይቶ ነበር።

"ስምንት ሰዓት አልሞላም ነበር። ትንሽ ሲቀረው" አለ።

ከዚያ ቀጠለ። ጃለቱ ስለ እኔ ነግራቸው ነበር አለ። በስልክ በትሕትና እንዳናገርኳት፤ ሥራውን ካገኘች ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ እንደምትማር። ስለዚህ አመሰገነኝ።

አመሰገነኝ... ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

"ፖሌ" አልኩ፤ አዝናለሁ ማለቴ ነው።

ላፕቶፑ አይበራም። ባትሪው ወልቆ ጠፍቷል። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ሥራዎቿ የተቀመጡበትን ዲስክ አወጣሁ፣ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት።

ፎቶዋን አገኘሁት። በራቸው ላይ ቆማ ፀሐዩን በመዳፏ ጋርዳ ትስቃለች። ስልኩ ላይ ጫንኩለት። ዋሪዮ ረጅም ጊዜ አየው።

ከፎቶው ጎን የፈተናው ፎልደር ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው ረቡዕ ቀን፣ ሎሪው ከመነሳቱ በፊት ነው።

ከፈትኩት። በመጨረሻ ከፈትኩት።

ንጹሕ ሥራ ነው። እኔ ስቀጠር ከጻፍኩት ይበልጣል። አስነሳሁት፤ ሠራ። ባዶ ዝርዝር ሰጠሁት። አልቆመም። "የሚጠብቅ ሰው የለም" ብሎ ጻፈ።

ያ ክፍል እንዴት እንደተጻፈ ለማየት ኮዱን ወደ ታች ገለጥኩ። ከላዩ ላይ ለአንባቢ የተተወች አንዲት ማስታወሻ አለች። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው። በአማርኛ ስትሆን እንዲህ ናት፦

ሂካ ባዶ ሲሆን ይቆማል ይላል። አልከፈተውም።

ረቡዕ የተጻፈ ነው። እኔ ያንን ውሸት የፈጠርኩት ሐሙስ ነው...

በዚያ ሙቀት ላቤ ቀዝቃዛ ነበር።

"ጥሩ ሠርታ ነበር?" አለኝ ዋሪዮ በሹክሹክታ። ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ስክሪኑን ያያል ግን ማንበብ አይችልም።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው።

"ውጤቱ ገና አልወጣም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ወረደ። መስኮቱ ላይ ሆኜ ገበያውን አቋርጦ ሲሄድ አየሁት። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ መልስ ነው። ከደብዳቤውም በላይ።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአራተኛው ለአለቃዬ ለግሬስ ሁሉንም ጽፌ ላክሁላት። ሳልከፍት መጣሌን፣ ምክንያቱን መፍጠሬን፣ ለምን እንዳደረግኩት ጭምር። የጃለቱን ሥራና እነዚያን መልእክቶች ከድርጅቱ መዝገብ አውጥታ እንድታይ ለመንኳት።

ወዲያው ደወለች።

"ሂካ፣ ከዚህች ልጅ ምንም አልደረሰንም" አለችኝ።

"ሐሙስ 13:52 ላይ..."

"ምንም የለም። አንተ ግን መልስ ጽፈህላታል።"

የራሴን የመልእክት ሳጥን ከፍቼ ፈለግኩ። አንድም መልእክት አልነበረም። የእኔ "አዝናለን" ብቻ፣ ለብቻዋ።

በማግስቱ ጠዋት ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ይዤ ወደ ኡራን ሄድኩ። የደረስነው ሰባት ሰዓት አልፎ ነው። ዋሪዮ በሩ ላይ ተቀበለኝና ወደ እናቱ አስገባኝ።

ቀጭን ሴት ናቸው። ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ሻሻቸው እስከ ጉልበታቸው ወርዶ እጃቸውን ሸፍኖታል። ሰላምታዬን በዓይናቸው ተቀበሉ።

በቦረንኛ ነገርኳቸው። ሁሉንም። አንድ ቀን እንደለመነችኝና እንደከለከልኳት። እኔ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ አርብ በወንድሟ ሞተር እንደምትመጣ። ሥራዋ ከእኔ እንደሚበልጥ፣ ሳላየው እንደጣልኩት። ለዋሪዮም እንደዋሸሁት።

ዋሪዮ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እናትየው አላለቀሱም። አልረገሙኝም።

"ሎሪው ላይ ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር" አሉ።

ከዚያ ሻሻቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ሻሹ ቀስ እያለ ተንሸራቶ ወረደ። ሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ዕድሜ ልኩን ውሃ የቀዳ፣ ግመል ያለበ፣ የሻከረ እጅ። አሥሩም ጣቶች ተነጣጥለው ይመታሉ። በፍጥነት። ሳያዩ። በየመሐሉ አውራ ጣታቸው ብቻውን ይመታል...

ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው። እጃቸው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቁ አይመስሉም።

"ዋሪዮ..." አልኩ በሹክሹክታ።

አልዞረም።

"ከቀብሩ ጀምሮ ነው" አለኝ። "በየቀኑ። በዚህ ሰዓት፣ ለስምንት ትንሽ ሲቀረው።"

"እሳቸው ምንድን ነው ይላሉ?"

"እጄን ይበላኛል ነው የሚሉት።"

እኔ ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእኔም ጣቶች እንዲሁ ነው የሚሄዱት። ኪቦርዱን ሳላየው አውቀዋለሁ፤ የትኛው ጣት የት ሲያርፍ የትኛው ፊደል እንደሚወጣ።

ጣቶቻቸው አንዴ ቆሙ። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመሩ።

የቀኝ አመልካች ጣት፣ ወደ ውስጥ። መሐል ጣት፣ ወደ ላይ። ያው ጣት፣ ወደ ቦታው። የግራ ትንሿ ጣት።

አራት የእንግሊዝኛ ፊደል፤ H፣ I፣ K፣ A። ስሜ ነው።

ከዚያ ቀጠለ። ረጅም ነበር... በጣም ረጅም። ማንበብ እችል ነበር። ቁጭ ብዬ ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጣቶቹ ጨርቁን ሲመቱ ይሰማኛል... አላቆሙም።