ያልተንቀጠቀጠው መስመር

ሰዓሊው በስቱዲዮው ወለል ላይ በጎኑ ወድቆ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ የሸሚዙ ቁልፎች ከአንገቱ ጀምሮ ተበጥሰዋል። የሚነፋውን የአስም መድኃኒት በቀኝ እጁ ጨብጧል። የግራ እጁ ጣቶች በከሰል ጠቁረዋል።

«አስሙ ነው የገደለው» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

መርማሪዋ ከሟቹ አጠገብ ተንበረከከች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ሳይሆን የገባችበትን ነገር ሳትበሳ ስለማትወጣ ነው። ጓንቷን አጥልቃ መድኃኒቱን ከሟቹ እጅ አላቀቀችና ወደ አየር ረጨችው። በደንብ ይሠራል። ታዲያ ለምን አላዳነውም?

ግድግዳው ሙሉ የሰው አካል ነው፤ ቆዳው የተገፈፈ ክንድ፣ የተከፈተ ደረት፣ አከርካሪ። መሀል ላይ ሰዓሊው ለአንዲት ታዋቂ ዘፋኝ የሠራው፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ፖስተር ተሰቅሏል፤ ደረቷ እንደ መስታወት ሆኖ ልቧ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ሰሌዳ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

«ይህን ማን አዞረው?»

«እኔ ነኝ» አለች የሟቹ ልጅ፤ ዓይኗ ደም መስሏል። «ከሥራ ስመለስ አባዬን እንደዚህ አገኘሁት። ሥዕሉን ማየት አቃተኝ። ማንንም ሳልጠራ አዞርኩት። ጠዋት ስወጣ እኮ ወረቀቱ ነጭ ነበር!»

መርማሪዋ ሰሌዳውን መለሰችው። ጅማቱ አንድ በአንድ የተለቀመ የሰው እጅ ነው፤ አውራ ጣቱ ከሁሉም ያምራል። መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል። አጠገቡ የተሰቀሉት የቅርብ ጊዜ ሥዕሎች ግን መስመራቸው ሁሉ ይርገበገባል።

«አባትሽ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር?»

«ዓመት አልፎታል። ሻይ እንኳን ሳይደፋ አይጠጣም። ለሕክምና ተማሪዎች መጽሐፍ እያዘጋጁ ነበር፤ ጋሼ ሐኪሙ ይጽፋሉ፣ አባዬ ይሥላል። የቀረው የእጅ ሥዕል ብቻ ነው። አሳታሚው ‹በኮምፒውተር አሠራዋለሁ› ሲላቸው ሁለቱም እንቅልፍ አጡ።»

«አንቺ ሥለሽለት ይሆን?»

«እኔ የምሥለው በቀኝ እጄ ነው። የጥላውን ጭረት ተመልከቺው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የወረደው። ይህ የግራኝ ሰው ሥራ ነው። የአባዬ ነው።»

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። የሰዓሊው የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ልጅቷ ደውላለት ነው የመጣው። ወደ ስቱዲዮው ለመግባት አቅም አላገኘም።

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«አስሙን ያውቁ ነበር?»

«እኔው ነኝ የምከታተለው።» አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። «ምን ያደርጋል! ያንን አውራ ጣት እንደዚያ አሳምሮ ጨርሶ፣ መጽሐፉን ሳያይ ሄደ።»

መርማሪዋ በማግሥቱ ሟቹን የሚያውቁትን ስትጠይቅ የፖስተሩን ዘፋኝ ልምምድ ላይ አገኘቻት። መርዶውን ሰምታ ድምጿ ተዘግቷል።

«መድረክ ከመውጣቴ በፊት እጄ ማይክ አልይዝ ይላል» አለች። «የሰዓሊው ጓደኛ ሐኪሙ ያዘዘልኝ የሚያረጋጋ ኪኒን አለ። ሰዓሊው ይህን ሰምቶ ‹እባክሽ አንዲት ፍሬ› ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩት።»

«ለምን?»

«ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት የጠየቀኝ ‹አስም አለብሽ ወይ› ብሎ ነው። የአየር ቧንቧ ይዘጋል፣ የሚነፋውን መድኃኒትም ኃይል ያሳጣል አለኝ። ይህንኑ ስነግረው አንገቱን ደፋና ‹ይቅርብኝ፤ ልጄን ብቻዋን አልተዋትም› አለ።»

የሟቹ የደም ምርመራ ውጤት ሲደርስ መርማሪዋ ልጅቷን፣ ዘፋኟንና ሐኪሙን ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የእጁ ሥዕል በመሀላቸው ቆሟል።

«ሰዓሊው በአስም ነው የሞተው» ብላ ጀመረች። «አስሙን የቀሰቀሰው ግን እጅ የሚያረጋጋው ኪኒን ነው። ደሙ ውስጥ ተገኝቷል።»

«እኔ አልሰጠሁትም!» ዘፋኟ ብድግ አለች።

«አውቃለሁ፤ ተቀመጪ። መጀመሪያ የነገረኝ መስመሩ ነው። ሥዕሉ የሟቹ ከሆነ፣ እጁን አንድ ነገር አቁሞለታል። ኪኒኑ አደገኛ መሆኑን ደግሞ ካንቺ ሰምቷል፤ አውቆ አይውጠውም። ስለዚህ የሰጠው ሰው ሌላ ነገር ነው ብሎታል። ስለ መድኃኒት ሰዓሊው ሳይጠይቅ የሚያምነው ደግሞ ማንን ነው?»

ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ግምት ነው» አለ ሐኪሙ። «እኔ የዚያን ዕለት እዚህ አልነበርኩም።»

«ታዲያ አውራ ጣቱ ማማሩን በምን አወቁ? ጠዋት ወረቀቱ ነጭ ነበር። ልጅቷ ለእርስዎ ከመደወሏ በፊት ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። እርስዎም ወደዚህ ክፍል አልገቡም። ያን አውራ ጣት ሊያይ የሚችለው ሲሣል አጠገቡ የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

 የሐኪሙ ትከሻ ወረደ።

«ቫይታሚን ነው አልኩት። አንዲት ፍሬ ምን ታደርገዋለች ብዬ ራሴን አታለልኩ። እጁ ጸጥ ሲልለት እንደ ሕፃን ሳቀ፤ አብረን አለቀስን። ሥዕሉን እንደጨረሰ ትንፋሽ አጠረው። መድኃኒቱን ነፋሁለት፤ ደግሜ ነፋሁለት። አልሠራ አለ። ጉዴ ፈላ ብዬ ፈራሁ።»



«ጋሼ» አለች ልጅቷ፤ «አባዬ ጠራኝ?»

«ጠራሽ።»

«አንተስ ምን አደረግክ?»

ከተወለደች ጀምሮ «አንተ» ብላው አታውቅም። ሐኪሙን ቃሉ ከኪኒኑም ከሞቱም በላይ ወጋው፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«በሩን ዘግቼ ወጣሁ።»

መርማሪዋ ሐኪሙን ለፖሊሱ አስረከበችው። ሥራዋ አልቋል፤ መሄድ ትችል ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስም አልተነሳችም።