ሦስተኛውና አምስተኛው ቢጫ

ግድግዳዬ ላይ አምስት ቢጫዎች በተርታ ተቀብተው ነበር፤ እኔ ደግሞ አንዱን መምረጥ አቅቶኝ ሳምንት ሞላኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ክፍሉ እናቴ ቤት ውስጥ ሆኖ የስፌት መኪናዬን የማስገባበት፣ የራሴ የምለው የመጀመሪያ የሥራ ቦታዬ ነው።

«ቀለም ሲደርቅ መልኩን ይቀይራል፤ እንጠብቅ» ይለኛል ቀለም ቀቢው።

እንጠብቃለን። እሱ ባልዲውን ገልብጦ ይቀመጣል፣ እኔ ወንበሬ ላይ፤ ወሬያችን ግን አያልቅም። ሲስቅ ቅንድቡ ላይ የደረቀች ነጭ ጠብታ ከፍ ዝቅ ትላለች። ያኔ ዓይኔን የማሳርፍበት ይጠፋኛል። ወድጄው ነበር፣ ምን እደብቃለሁ!

በሰባተኛው ቀን እናቴ በሩን በርግዳ ገባች።

«ቢጫ ያው ቢጫ ነው! ዛሬ ካልመረጥሽ ነገ ነጭ አስቀባዋለሁ። አንተስ ልጄ፣ ሌላ ሥራ የለህም እንዴ?»

«አለኝ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሩቅ አገር የዓመት ሥራ አግኝቻለሁ። መልሴን ዛሬ ይፈልጋሉ።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። ለኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር!

እናቴ እያጉረመረመች ወጣች። እሱ ብሩሹን አንስቶ ጀርባውን ሰጠኝ።

«በይ ምረጪ። ሦስተኛው ወይስ አምስተኛው?»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«አምስተኛው ትንሽ... ትንሽ ሞቅ ይላል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ብሩሹን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ልዩነት የላቸውም። ከአንድ ጣሳ ነው የቀባኋቸው። ሦስተኛውን ልትመርጪ ስትይ ጨነቀኝና አምስተኛ ጨመርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጊዜሽን በላሁብሽ።»

ሳቄ አመለጠኝ። የክር ሳጥኔን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። አሥራ ሁለት ዓይነት ቢጫ ክር አለኝ።

«እነዚህን በዓይኔ ለይቼ ነው ከጨርቅ ጋር የማመሳስለው» አልኩት። «አምስተኛው እንደደረቀ ነው ያወቅኩብህ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ ምነው ቀባህ?»

ስልኩን አወጣና፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ደወለ።

«ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን አልመጣም።»

ስልኩን ሲዘጋ እጄ እጁ ውስጥ ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደዘረጋ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

«ገና ነው?» ጮኸች እናቴ ከሳሎን።

«ሦስተኛው ነው እማዬ!» አልኳት እየሳቅኩ። «ግን ሁለት ጊዜ መቀባት አለበት፤ በመሃል ደግሞ መድረቅ አለበት!»